የሰዓት ፈተናና የታሰበበት ግምት

በተማሪው አፍ «ማትሪክ» ወይም «ኤንትራንስ» እየተባለ የሚጠራው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርትን በጥቂት ቀናትና በተቆጠሩ ሰዓታት ውስጥ የሚመዝን በመሆኑ፣ ውጤቱን የሚወስነው ተማሪው ያወቀው ነገር ብቻ ሳይሆን፣ ያወቀውን ሰዓቱ ሳያልቅበት በመልስ ወረቀቱ ላይ የማስፈር ችሎታውም ጭምር ነው። ይህ ችሎታ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው የተሰጠውን ጊዜ ለጥያቄዎቹ መደልደል ሲሆን፣ ሁለተኛው መልሱ በእርግጠኝነት በማይታወቅበት ጊዜ አመዛዝኖ መገመት ነው። ሁለቱም በልምምድ የሚገኙ ናቸው፤ ይሁንና ራሳቸውን ችለው እንደ ትምህርት የሚሰጡበት አጋጣሚ ጥቂት ስለሆነ፣ ብዙ ተማሪ የሚማራቸው በፈተናው ዕለት፣ ለዚያውም ነጥብ እየከፈለ ነው።

ጉዳዩ የሚያሳስበው የሀገሪቱ ውጤት ካለበት ደረጃ የተነሣ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበትና የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ከመቶ 50 ከሆነበት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው መዝገብ እንደሚያሳየው፣ በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ አኃዙ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ነበር። በ2015ም ሆነ በ2016 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከ1,300 በላይ ነበሩ። የዚህ ውድቀት ሥሩ የትምህርት ጥራት እንጂ የፈተና አሠራር አለማወቅ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ለ50 ሁለትና ሦስት ነጥብ ለጎደለው ተማሪ፣ በሰዓት እጥረት ሳይነበብ የቀረ አንድ ገጽ ወይም ባዶ የተተወ አንድ ረድፍ የዕጣ ፈንታ ጉዳይ ይሆናል።

በአማራ ክልል ላሉት ለላስታ ተራሮችና ለደላንታ አምባ ልጆች ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ላሊበላና አካባቢዋ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ውስጥ አልፈዋል፤ በዚያው ሳቢያ በአማራና በአፋር ክልሎች በጦርነቱ ቀጣና የነበሩ ተማሪዎች በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በሌላው የሀገሪቱ ክፍል የተሰጠውን የ2013 ዓ.ም. ፈተና ሳይወስዱ ቀርተው፣ በሁለተኛ ዙር እንዲፈተኑ ተደርጓል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ፣ ለፈተና የሚቀርበውን ተማሪ ቁጥር ቀንሶታል። ከላስታዋ ላሊበላም ሆነ ከደላንታዋ ወገል ጤና የሚነሣ ተማሪ ዓመቱን በተቆራረጠ ትምህርት ገፍቶ፣ ከቤቱ ርቆ፣ በማያውቀው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አድሮ ይፈተናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ የጠፋበትን የትምህርት ጊዜ የሚመልስለት የፈተና ስልት የለም፤ በእጁ የቀረውን እውቀት ግን አንዲት ነጥብ ሳያባክን እንዲጠቀምበት የሚያስችለው ስልት አለ፤ ይህንንም ማስተማር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ሰዓት የማይቆጥር ፈተናና ሰዓት የሚቆጥር ፈተና

ለላስታ ምድር ፈተና እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ወደ ዜማውና ወደ ቅኔው የሚያልፈው በመምህሩ ፊት ቆሞ የተማረውን በቃሉ ሲያሰማና ቅኔውን ሲቆጥር ነው። ያ ፈተና ጥብቅ ቢሆንም ሰዓት አልተወሰነለትም፤ ያልበሰለው ተማሪ «ቀጽለው» ተብሎ ይመለሳል፣ ሲበስል ደግሞ ያልፋል፤ አንዱ በአንድ ዓመት የጨረሰውን ሌላው በሦስት ዓመት ቢጨርሰው የሁለቱም እውቀት እኩል ይከበራል።

ዘመናዊው የምርጫ ፈተና የተወለደው ከሌላ ፍላጎት ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 እና በ1915 በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት ፍሬደሪክ ኬሊ የተባለ የትምህርት ባለሙያ ለንባብ ችሎታ መለኪያ ያዘጋጀው ፈተና ከመጀመሪያዎቹ የምርጫ ፈተናዎች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ዓላማውም የአራሚውን አድልዎና የእርማቱን ጊዜ መቀነስ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ምልምል ወታደሮችን በአጭር ጊዜ ለመመዘን በዚሁ ዓይነት ፈተና ተጠቀመች፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ «ኤስ ኤ ቲ» የተባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ተጀመረ፤ በ1930ዎቹ ውስጥም በእርሳስ የጠቆረውን ምልክት የሚያነቡ ማሽኖች ተሠሩ። ብዙ ሰውን በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ጥያቄና በአንድ ዓይነት ሰዓት መመዘን የሚለው ሐሳብ ወደ ኢትዮጵያም የገባው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች የሚመዘኑት በእርሱ ነው።

የምዘና ባለሙያዎች በዚህ ረገድ ሁለት ዓይነት ፈተናዎችን ይለያሉ። አንደኛው የችሎታ ፈተና ሲሆን፣ ጥያቄዎቹ ከቀላል ወደ ከባድ እየሄዱ፣ ጊዜው ግን በቂ ሆኖ፣ ተማሪው የት ድረስ መዝለቅ እንደሚችል የሚለካበት ነው፤ ሁለተኛው የፍጥነት ፈተና ሲሆን፣ ጥያቄዎቹ ለየብቻቸው ሲታዩ ብዙም የማይከብዱ ሆነው፣ በተወሰነ ጊዜ ምን ያህሉ እንደሚሠሩ የሚለካበት ነው። ብሔራዊ ፈተናው በዓላማው የመጀመሪያው ቢሆንም፣ ሰዓት ተገድቦለት ሲሰጥ ከሁለተኛውም ጠባይ ይወርሳል። እውቀቱ እያለው ቀስ ብሎ የሚሠራ ተማሪ የሚጎዳው ስለዚህ ነው፤ አካሄዱን አስቀድሞ ካላሰበበት፣ ፈተናው የማያውቀውን ብቻ ሳይሆን የሚያውቀውንም ይወስድበታል።

ደቂቃን መደልደል

የጊዜ ድልድል መነሻው ቀላል ማካፈል ነው። ባለፉት ዓመታት በነበሩ የፈተና ወረቀቶች የተለመደውን አቀራረብ ለምሳሌ ብንወስድ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና 120 ጥያቄዎችን በሁለት ሰዓት፣ የባዮሎጂ ፈተና 100 ጥያቄዎችን በሁለት ሰዓት፣ የሂሳብ ፈተና ደግሞ 65 ጥያቄዎችን በሦስት ሰዓት ይጠይቃሉ። በዚህ ስሌት ለአንድ የእንግሊዝኛ ጥያቄ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ፣ ለአንድ የባዮሎጂ ጥያቄ 72 ሰከንድ፣ ለአንድ የሂሳብ ጥያቄ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ያህል ነው። የጥያቄው ብዛትና ሰዓቱ ከዓመት ዓመት ሊለያይ ስለሚችል ተማሪው ቁጥሩን መሸምደድ አይጠበቅበትም፤ የሚጠበቅበት የጥያቄ ወረቀቱን ሲቀበል በፊቱ ገጽ ላይ የተጻፈውን የጥያቄ ብዛትና የተፈቀደ ሰዓት አይቶ ይህን ማካፈል መሥራት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ መታወቅ ያለበት፣ በምርጫ ፈተና ውስጥ ከባዱም ቀላሉም ጥያቄ እኩል ነጥብ የሚይዝ መሆኑ ነው። በአንድ ከባድ የሂሳብ ጥያቄ ላይ አሥር ደቂቃ የቆየ ተማሪ ጥያቄውን በትክክል ቢመልሰው እንኳ ያገኘው አንድ ነጥብ ሲሆን፣ የከፈለው ግን ከሦስት በላይ ጥያቄዎች የሚሠሩበትን ጊዜ ነው። በክፍል ውስጥ ከባዱን ጥያቄ ሳይፈታ አለመተው የጉብዝና ምልክት ሆኖ ስለሚታይ፣ ይህን ልማድ በፈተና አዳራሽ መተው የሚያስቸግረው በተለይ ጎበዙን ተማሪ ነው። ጎበዝ ተማሪ በአንድ ጥያቄ ተይዞ የመጨረሻዎቹን ገጾች ሳያያቸው ሰዓት ሲያልቅበት፣ በእነዚያ ገጾች የቀሩት ብዙ ጊዜ እርሱ በቀላሉ ይመልሳቸው የነበሩ ጥያቄዎች ናቸው።

ለዚህ መፍትሔው ፈተናውን በዙር መሥራት ነው። በጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተጀምሮ ስድስት ሰዓት ላይ የሚያልቅ የ65 ጥያቄ የሂሳብ ፈተና ቢወሰድ፣ የመጀመሪያው ዙር እስከ አራት ሰዓት ከሃያ ሊዘልቅ ይችላል። በዚህ ዙር ተማሪው ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ጥያቄ ይሄዳል፤ አንብቦ መንገዱ ወዲያው የታየውን ይሠራል፣ ያልታየውን ወይም ረዘም ያለ ስሌት የሚጠይቀውን ደግሞ በጥያቄ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጎበት ያልፋል። ሠላሳ አምስቱን በአማካይ በሁለት በሁለት ደቂቃ ቢሠራና የቀሩትን ሠላሳዎቹን በሃያ በሃያ ሰከንድ ቃኝቶ ቢያልፋቸው፣ የወሰደበት በትክክል ሰማንያ ደቂቃ ነው። ሁለተኛው ዙር እስከ አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ይዘልቃል፤ በዚህ ጊዜ ተማሪው የሚመለሰው መንገዳቸውን እያወቀ ረዘም ያለ ስሌት ስለሚጠይቁ ወደ ዘለላቸው ጥያቄዎች ሲሆን፣ በአራት በአራት ደቂቃ ቢሄድ አሥራ ስድስቱን ይጨርሳል። ሦስተኛው ዙር ሃያ ደቂቃ ወስዶ፣ የቀሩትን አሥራ አራት ጥያቄዎች ምርጫ እያጣጣሉ በግምት የሚመልሱበት ነው። የመጨረሻው ሩብ ሰዓት የመልስ ወረቀቱ መፈተሻ ይሆናል።

በዙር የመሥራት ጥቅም ሰዓት በመቆጠብ አያበቃም። ተማሪው ፈተናውን የሚጀምረው በሚችላቸው ጥያቄዎች ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚመጣው ድንጋጤ ይረግብለታል፤ ደግሞም አንድ ጊዜ አንብቦ ያለፈው ጥያቄ ሌላውን በሚሠራበት ጊዜ በአእምሮው ውስጥ ሲብላላ ስለሚቆይ፣ ሲመለስበት መንገዱ የሚታየው ጊዜ አለ። የእንግሊዝኛ ፈተናን በመሰለ ምንባብ ባለበት ፈተና ደግሞ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቁትን የሰዋስውና የቃላት ጥያቄዎች ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨርሶ፣ የተረፈውን ለረጃጅሞቹ ምንባቦች ማዋል ይገባል።

ሰዓት የመከታተሉ ነገርም አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ስልክ ወደ ፈተና አዳራሽ ይዞ መግባት የተከለከለ በመሆኑ፣ በስልኩ ሰዓት የለመደ ተማሪ ባዶ እጁን ይሆናል። ስለዚህ ፈታኙ የሚያውጀውን ወይም በሰሌዳው ላይ የሚጽፈውን ሰዓት መከታተል፣ በየጥያቄው ሰዓት እያዩ ከመጨነቅ ይልቅም በሦስት ወይም በአራት ቦታ ብቻ «በዚህ ሰዓት እዚህ ጥያቄ ላይ መድረስ አለብኝ» የሚል መለያ መያዝ ይጠቅማል።

የመልስ ወረቀቱ ወጥመድ

ጥያቄ እየዘለሉ መሥራት አንድ አደጋ አለው። መልሱ የሚሰጠው በሌላ ወረቀት ላይ ክቡን በእርሳስ በማጥቆር ስለሆነ፣ በጥያቄ ወረቀቱ ላይ 17ኛውን ዘልሎ ወደ 18ኛው ያለፈ ተማሪ የ18ኛውን መልስ በ17ኛው መስመር ላይ ካጠቆረ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ መስመር ይንሸራተትበታል፤ ማሽኑም የሚያነበው የጠቆረውን እንጂ የታሰበውን ስላልሆነ፣ በትክክል የተሠሩ ሃያና ሠላሳ ጥያቄዎች ሊበላሹ ይችላሉ። መከላከያው ቀላል ነው፤ ከማጥቆር በፊት የሁለቱን ወረቀቶች የጥያቄ ቁጥር ማመሳሰል፣ በየአሥር ጥያቄውም ቆም ብሎ ማረጋገጥ በቂ ነው።

መልስን ሁሉ በጥያቄ ወረቀቱ ላይ አክብቦ፣ ማጥቆሩን ለመጨረሻ ማቆየትም አደገኛ ልማድ ነው። አንድን ክብ በወጉ ለማጥቆር አምስት ሰከንድ ቢወስድ፣ 120 ጥያቄ አሥር ደቂቃ ይፈልጋል፤ ፈታኙ «እርሳስ አስቀምጡ» በሚልበት ሰዓት ግማሹ ያልጠቆረበት ተማሪ፣ ያወቀው እውቀት በጥያቄ ወረቀቱ ላይ ቀርቶበታል። ስለዚህ በየገጹ ማብቂያ እያጠቆሩ መሄድ፣ መልስ ሲቀየር የቀደመውን በላጲስ አጥርቶ ማጥፋት፣ በአንድ ጥያቄ ሁለት ክብ ጠቁሮ እንዳይገኝ መጠንቀቅና የመለያ ቁጥርን ከሁሉ በፊት መሙላት የአሠራሩ አካል ናቸው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች ፈተናው በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ የማጥቆሩ ችግር ለእነርሱ ቢቀርም በቦታው ሌላ ልምምድ ይጠየቃል፤ ማውስ ነክቶ ለማያውቅ የገጠር ተማሪ ከፈተናው በፊት ጥቂት ሰዓታት በኮምፒውተር ፊት መቀመጥ የደቂቃዎች ትርፍ አለው።

ግምት በሂሳብ ሲለካ

ግምትን በተመለከተ የመጀመሪያው ጥያቄ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም የሚለው ነው። አንዳንድ ፈተናዎች ይቀንሳሉ፤ የሕንድ የምህንድስናና የሕክምና ትምህርት መግቢያ ፈተናዎች ለትክክለኛ የምርጫ መልስ አራት ነጥብ ሰጥተው ለስሕተቱ አንድ ነጥብ ይወስዳሉ፤ የአሜሪካው «ኤስ ኤ ቲ»ም እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ አምስት ምርጫ ባላቸው ጥያቄዎች ለእያንዳንዱ ስሕተት ሩብ ነጥብ ይቀንስ ነበር። የኢትዮጵያው ብሔራዊ ፈተና የሚቆጥረው በትክክል የተመለሱትን ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት አሠራር ባዶ የተተወ ጥያቄ የሚያስገኘው ሁልጊዜ ዜሮ ሲሆን፣ የተገመተው ግን ወይ ዜሮ ወይ አንድ ነው፤ ስለዚህ በመልስ ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ መተው ምንም ጥቅም የለውም። ሕጉ ከፈተና ፈተና ሊለያይ ስለሚችል ግን መመሪያውን ማንበብ ሁልጊዜ ይቀድማል።

የግምት ዋጋ በቁጥር ሲታይ ጎልቶ ይወጣል። አራት ምርጫ ያላቸው 60 ጥያቄዎች ቀርበውለት 20ውን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ተማሪ የቀረውን 40 ባዶ ቢተው፣ ውጤቱ 20 ከ60፣ ማለትም 33 ከመቶ ነው። አርባውን እንዲሁ በጭፍን ቢገምት በአማካይ ሩቡን፣ ማለትም አሥሩን ያገኝና 30 ከ60፣ ማለትም 50 ከመቶ ይደርሳል። ከአርባው በሃያዎቹ ላይ ሁለት ሁለት የተሳሳቱ ምርጫዎችን ለይቶ መጣል ከቻለ ደግሞ፣ ከሃያው አሥሩን፣ ከቀሩት ሃያዎች አምስቱን በአማካይ ስለሚያገኝ፣ ውጤቱ 35 ከ60፣ ማለትም 58 ከመቶ ይሆናል። በሦስቱ ውጤቶች ውስጥ የተማሪው ሙሉ እውቀት ያው 20 ጥያቄ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ጎዶሎ እውቀቱን የተጠቀመበት መንገድ ነው። እርግጥ አማካይ የሚባለው ለእያንዳንዱ ተማሪ ቃል የተገባ ነጥብ አይደለም፤ አርባ ጥያቄ በጭፍን የገመተ ተማሪ አሥር ብቻ ሳይሆን አምስትም አሥራ አምስትም ሊገጥመው ይችላል። ከዕድል ውጣ ውረድ የሚያድነው ምርጫ ማጣጣል ነው፤ የሚጣለው ምርጫ በበዛ ቁጥር ግምቱ ወደ እውቀት ይጠጋል።

ምርጫ ማጣጣል እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ጥያቄ ማየት ይቻላል። አንድ ነጋዴ አንድን ልብስ በ20 ከመቶ ቅናሽ በ960 ብር ቢሸጠው፣ ልብሱ ከቅናሹ በፊት ዋጋው ስንት ነበር የሚል ጥያቄ ይቅረብ፤ ምርጫዎቹም ኤ 768፣ ቢ 1,152፣ ሲ 1,200፣ ዲ 1,920 ይሁኑ። ቀመሩ የጠፋበት ተማሪ እንኳ የቀድሞው ዋጋ ከ960 መብለጥ እንዳለበት ስለሚያውቅ ኤን ይጥላል፤ 1,920 የ960 እጥፍ በመሆኑ የግማሽ እንጂ የ20 ከመቶ ቅናሽ ስላልሆነ ዲን ይጥላል። አሁን በቀሩት በሁለቱ መካከል ቢገምት እንኳ ዕድሉ ከሩብ ወደ ግማሽ አድጓል። አንድ እርምጃ ከሄደ ደግሞ መገመትም አያስፈልገውም፤ የ1,200 አንድ አምስተኛ 240 ሲሆን፣ ሲቀነስ በትክክል 960 ይቀራል። ቢ የገባው 960 ላይ 20 ከመቶ ለሚደምር ችኩል ተማሪ ወጥመድ እንዲሆን ነው። መልሱን ከጥያቄው ወደ ምርጫው ከመፈለግ ይልቅ ምርጫውን ወደ ጥያቄው እየመለሱ መሞከር በሂሳብ፣ በፊዚክስና በአፕቲቲዩድ ፈተና ብዙ ነጥብ ያድናል። ስሌት በሌለባቸው ትምህርቶች ደግሞ፣ «ሁልጊዜ»፣ «ፈጽሞ»፣ «ብቻ» የሚሉ ቃላት የገቡባቸውን ምርጫዎች አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ሊያፈርሳቸው ስለሚችል በጥርጣሬ ማየት፣ ፍጹም ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ምርጫዎች ሲገኙም አንዱ መልስ የመሆን ዕድሉን ማመዛዘን ይጠቅማል።

ሁለት የቆዩ እምነቶች

በተማሪዎች ዘንድ «ካላወቅህ ሲ በል» የሚል ምክር ይዘወተራል። እምነቱ ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ የእስራኤል ተመራማሪዎች ዪጋል አታሊና ማያ ባር ሂሌል እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥያቄ አውጪዎችም ሆኑ ገማቾች ወደ መካከለኞቹ ምርጫዎች የማድላት ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይተዋል። ነገር ግን በባለሙያ የሚዘጋጅ ፈተና ትክክለኛ መልሶቹን በአራቱም ፊደላት ስለሚያመጣጥን፣ ሲ ከሌሎቹ የተለየ በረከት የለውም። እውነት ሆኖ የሚቀረው ሌላ ነገር ነው፤ ምንም ፍንጭ በሌለበትና ሰዓት ባለቀበት ጊዜ አንድ ፊደል አስቀድሞ መርጦ የቀረውን ሁሉ በእርሱ መሙላት፣ የቱ ይሻላል እያሉ የሚጠፋውን ጊዜ ያተርፋል፤ በአማካይም ከሌላው አገማመት አያንስም።

ሁለተኛው እምነት «የመጀመሪያ መልስህን አትቀይር» የሚለው ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ከ1,500 በላይ በሆኑ ተማሪዎች የፈተና ወረቀት ላይ ያለውን የላጲስ ምልክት መርምረው፣ ከተቀየሩት መልሶች ውስጥ 51 ከመቶው ከስሕተት ወደ ትክክል፣ 25 ከመቶው ከትክክል ወደ ስሕተት የሄዱ መሆናቸውን አግኝተዋል፤ የቀሩት ከስሕተት ወደ ስሕተት ናቸው። እምነቱ የሚጸናው፣ ትክክሉን ትቶ መሳሳት ከሌላው ስሕተት ይልቅ ስለሚቆጭና በትዝታ ስለሚቀር ነው። ስለዚህ መልስን በፍርሃት መቀየር ባይገባም፣ ጥያቄው እንደገና ሲነበብ ያመለጠ ቃል ወይም የተሳተ ስሌት ከተገኘ ያለ ማመንታት መቀየር ይገባል።

ባዶ የሚተወው ማን ነው?

ጥያቄ ባዶ የመተው ልማድ ተማሪዎችን ሁሉ እኩል አይጎዳም። ካትሪን ባልዲጋ የተባሉት ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት፣ ለስሕተት ነጥብ በሚቀነስበት ጊዜ እኩል እውቀት ካላቸው ወንዶች ይልቅ ሴቶች ብዙ ጥያቄ እንደሚዘሉና በዚህም ውጤታቸው እንደሚጎዳ አሳይቷል፤ ቺሊም በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዋ የነበረውን ቅነሳ ካስቀረች በኋላ በሁለቱ ፆታዎች መካከል የነበረው የመዝለል ልዩነት በእጅጉ ጠብቧል። በኢትዮጵያ ቅነሳው ባይኖርም ዝንባሌው እንዳይኖር የሚያግደው ነገር የለም፤ «ያላወቁትን አላውቅም ማለት ጨዋነት ነው» ተብላ ያደገች የገጠር ልጅ ያላረጋገጠችውን መልስ ማጥቆር እንደ ውሸት ሊታያት ይችላል። ሊነገራት የሚገባው እውነት፣ በፈተናው ሕግ ውስጥ ሆኖ ማመዛዘን ከኩረጃ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው ነው። አጤሬራ ይዞ የገባ ወይም ከጎረቤቱ የገለበጠ ተማሪ የሌላውን ይወስዳል፤ አመዛዝኖ የገመተ ግን የራሱን ጎዶሎ እውቀት ነው የተጠቀመው።

የስልቱ ወሰንም በዚያው መጠን በግልጽ መነገር አለበት። አራት ምርጫ ያላቸው 100 ጥያቄዎችን ሁሉ በጭፍን የሚገምት ተማሪ በአማካይ 25 ያገኛል፤ 50 የመድረስ ዕድሉ ግን ከአሥር ሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም። ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም. የነበረው ብሔራዊ አማካይ ውጤት ከመቶ 30 በታች መሆኑን ከዚህ ቁጥር ጎን ማስቀመጥ ያስደነግጣል። ይህ ማለት ተማሪው ሁሉ ገምቷል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በብዙ ትምህርት ቤቶች የተሰጠው ትምህርት በፈተና ወረቀት ላይ ከዕድል ብዙም ርቆ እንዳልታየ ይናገራል። የእውቀቱን ሲሶ ይዞ ለመጣ ተማሪ ግምት ድልድይ ይሆነዋል፤ ምንም ላልያዘ ተማሪ ግን ምንም አይሆነውም።

ከትምህርት ቤት የሚጠበቀው

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እንደሚባለው፣ ይህ ሁሉ የሚገኘው ከፈተናው ወራት በፊት በሚደረግ ልምምድ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች የቆዩ የፈተና ወረቀቶች እንደ ወርክሺት ለቤት ሥራ ይሰጣሉ፤ ተማሪውም በሰዓት ሳይገደብ፣ መልሱን ከጎን እያየ ይሠራቸዋል። ያ ጥናት እውቀት ይጨምር ይሆናል እንጂ የሰዓት ልምድ አይሰጥም። ሞዴል ፈተና የሚባለው ዋጋ የሚኖረው እንደ እውነተኛው ፈተና በተቆጠረ ሰዓት፣ በተለየ የመልስ ወረቀት፣ በእርሳስና በላጲስ ሲሰጥ፣ ከዚያም በኋላ መምህሩ «ትክክሉ የቱ ነው?» ከማለት አልፎ «የቱን ዘለላችሁ? የቱ ላይ ቆያችሁ? የቱን ምርጫ ለምን ጣላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ የተባዛ የመልስ ወረቀትና የመምህር ፈቃደኝነት ነው፤ መብራት በሌለበት ትምህርት ቤትም ይሠራል።

በላስታም ሆነ በደላንታ ያለ መምህር ለተማሪዎቹ ያልፈረሰ የትምህርት ዓመት፣ የተሟላ ቤተ ሙከራ ወይም የመጻሕፍት መደርደሪያ ሊሰጣቸው በእጁ ላይሆን ይችላል። ሦስት ሞዴል ፈተናዎችን በሰዓት ፈትኖ፣ ከእያንዳንዱም በኋላ አንድ ክፍለ ጊዜ ስለ አሠራሩ ማስረዳት ግን በእጁ ነው። ወላጅም ልጁ ቤት ውስጥ ሰዓት ይዞ ሲለማመድ ለሁለት ሰዓት ያህል ከሥራ ቢያሳርፈው የራሱን ድርሻ ይወጣል። ተማሪውም የሚችለውን በመጀመሪያ ይሥራ፣ የከበደውን ለሁለተኛ ዙር ያቆይ፣ የማይሆነውን ምርጫ ጥሎ ከቀረው ይምረጥ፣ ፈታኙ ወረቀቱን ሲሰበስብም አንድም ባዶ መስመር አይተው።